ከጀማ ወንዝ እስከ መጥበሻው፦ ከጀልባ ላይ አሳ አጥምዶ ሳይሸት ለመብላት

ጓደኞቼ ቅዳሜ ሌሊት ተነስተው ጀማ ይወርዳሉ። ማታ ደክሟቸው ደብረ ብርሃን ይገባሉ። ግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት። የቀናቸው ደግሞ አሳውን ከፌስታል ሲያወጡት ቤቱ በሽታ ይሞላል። «አሳ ድሮም ይሸታል» ተብሎ ይጣላል።

ትኩስ አሳ አይሸትም። የሸተተው ከውሃ ከወጣ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ነው። እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ያጠመድኳቸውን ስምንት ቢልጫዎች (ቅርፊት ያለው፣ አጥንተ ብዙ የወንዝ አሳ ነው) እንዳሉ በፌስታል አስሬ፣ በመኪና ጭኜ መጥቼ እናቴ ደጅ አስወጥታኛለች። ስለዚህ ከታች ስለ ቅመሙ ከምጽፈው ይልቅ ስለ ጀልባው፣ ስለ በረዶውና ስለ ቢላዋው የምጽፈውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ውረዱ። ውሃው ጠርቷል፣ ጎድሏል፣ ሰማዩም ይታመናል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ጨርሶ አትሂዱ። ወንዙ ሙሉ ነው፤ ጀልባ አይገባበትም። ቢልጫም እንቁላሉን ሊጥል ወደ ላይ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው። እሱን ያኔ መያዝ የሚቀጥለውን ዓመት አሳ መጨረስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በበልግ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ቆላው ግን ፀሐይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው በበሬሳ ወንዝ አድርጎ ጀማ ይገባል። እናንተ ታች ላብ እየጠረጋችሁ ደራሹ ጎርፍ ከላይ ጉዞ ጀምሯል። በበልግ የምትወርዱ ከሆነ ደጋ ላይ ያለ ሰው ጠዋት ደውላችሁ ጠይቁ። «ደመና አለ» ካለ ቅሩ። ወንጭት ወንዝ የምትወርዱ ደግሞ የመንዝን ሰማይ ጠይቁ።

2. ፈቃድ ጠይቁ

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። የምትወርዱበትን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዙ ዳር ስትደርሱም የአካባቢውን ሰው ሰላም ሳትሉ ውሃ አትንኩ። የት እንደሚጠልቅ፣ የት ሰው እንደሰጠመ፣ አዞ ይታይ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጀማ ወደ ዓባይ እየቀረበ ሲሄድ የአዞው ነገር ቀልድ አይደለም። አንድ አባት «እዚያ ጋ አትግቡ» ካሉ ምክንያቱን ባይነግሯችሁም አትግቡ።

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ አስቁሙት። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም እኩል ነው የሚገድለው። ከታች ያለው ሰውና ከብትም ያንኑ ውሃ ይጠጣል።

3. ጀልባና ዕቃ

ገደል የሚወርድ ሰው የሚያዋጣው በአየር የሚሞላ የላስቲክ ጀልባ ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞት ይወርዳል። ሁለት ወይም ሦስት ለየብቻ የሚነፉ ክፍሎች ያሉትን ምረጡ፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ያንሳፍፋችኋል።

በመኪና ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ላይ ተቀምጠው የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። አትሞክሩት። አንድ አየር፣ አንድ ጎማ ነው። ወንዙ ዳር ደግሞ ግራር ሞልቷል።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ጀልባውን ግቢ ውስጥ ንፉትና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ከላላ በሳሙና ውሃ እየቀባችሁ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ፈልጉ። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስለጥፉት። ማስቲሽና ትርፍ ልጣፊም ይዛችሁ ውረዱ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት። «ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው ጭምር ይልበስ።
- ሁለት መቅዘፊያ፣ መንፊያ፣ 20 ሜትር ገመድ
- ለመልሕቅ የሚሆን ጠንካራ ማዳበሪያ (ድንጋዩን እዚያው ትሞላላችሁ)
- ስለታም ቢላዋ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ዱላ
- ትናንሽ መንጠቆዎች ለቀረሶ (ቲላፒያ) እና ለቢልጫ፣ ትላልቅ ለአምባዛ (ካትፊሽ)
- ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚችል ክር፤ ለአምባዛ 15 ኪሎ የሚችል
- እርሳስ (ክሩን ወደ ሥር የሚያወርድ ክብደት)፣ ቡሽ (መንሳፈፊያ)
- በረዶ መያዣ ሳጥን፣ አንድ ንጹሕ ጆንያ፣ ጨው

በረዶ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም። አራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ከሁለት ሌሊት በፊት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ጫፍ ድረስ አትሙሉት፤ በረዶ ሲሆን ያብጣልና ይሰነጠቃል። ይህንን የዘለለ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም አሳው መንገድ ላይ ይበላሽበታል።

4. ወንዙ ዳር ስትደርሱ

ለሚ ከተማን አልፋችሁ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ብትወርዱ ድልድዩ ጋ ትደርሳላችሁ። ዓይናችሁ ውሃው ላይ ከማረፉ በፊት እነዚህን አድርጉ።

1. መኪናችሁ ወይም መውጫችሁ ባለበት ዳር ብቻ ስፈሩ። ወንዙን ተሻግራችሁ ዕቃ አታስቀምጡ። ደራሽ ከመጣ ማዶ ታድራላችሁ።

2. ዕቃውን ከአሸዋው ሳይሆን ካለፈው ክረምት የጎርፍ ምልክት በላይ አስቀምጡ። ምልክቱ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ፌስታል ነው።

3. ውሃው ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሩ። በየ15 ደቂቃው እዩት። ውሃው ከሸፈነው ውጡ።

4. አንድ ሰው ዳር ይቅር። ሥራው ድንጋዩንና ውሃውን ማየት ነው።

ደራሽ ሲመጣ አስቀድሞ ይናገራል። ጥርት ያለው ውሃ ሻይ ይመስላል። ቅጠልና ጭራሮ ይንሳፈፋል። ከላይ በኩል መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ክሩን አትጠቅልሉ። ቁረጡት። መልሕቁንም ቁረጡ። በቅርብ ባለው ዳር ውጡና ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታው ሂዱ። ጀልባው ቢሄድ ይሂድ።

5. ጀልባውን ማስገባት

ጀልባው ወንዝ ለመውረድ አይደለም። ወንዙ በሚጠመዘዝበት ቦታ ውሃው አቁሮ ጥልቅ ኩሬ ይሠራል። ከዳር ሆናችሁ ክራችሁ የማይደርስበት፣ ከገደሉ ሥር ያለው ጥላ ነው የምትፈልጉት። ከኩሬው አትውጡ። ከታች ነጭ አረፋ የሚታይበት ቦታ ካለ ከሱ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ።

1. ጀልባውን በጠዋቱ ብርድ እስኪወጠር አትንፉት። ፀሐይ ስትመታው አየሩ ይሰፋል። ትንሽ አላሉት።

2. ማዳበሪያው ውስጥ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ድንጋይ ሙሉና አፉን ከገመዱ ጋር እሰሩ።

3. ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ላይ ግቡ። አንዱ ጀልባውን ይያዝ፣ ሌላው መጀመሪያ ቁጭ ይበል። ማንም አይቁም።

4. መልሕቁን ቀስ ብላችሁ አውርዱ፤ አትወርውሩት። ገመዱን ከጥልቀቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ልቀቁት።

5. ገመዱን ከጀልባው አፍንጫ ላይ ብቻ እሰሩ። ከኋላ ወይም ከጎን ካሰራችሁት የሚፈሰው ውሃ ጀልባውን ይጎትተውና ውሃ ያስገባበታል። በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ቢላዋውም ከገመዱ አጠገብ ይቀመጥ።

ጀልባው ከተገለበጠ፦ ጀልባውን ያዙ፣ አትልቀቁት። ወደ ዳር በእግር እየመታችሁ ግፉት። ክርና መንጠቆ ፍለጋ አትመለሱ።

አየር ከወጣ፦ የተቀደደውን በእጃችሁ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ዳር ቅዘፉ። ውሃ ላይ ሆኖ ልጣፊ አይያዝም።

ዳር ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደው ውሃ ቀንድ አውጣ አለው፤ ቢልሃርዝያም የሚይዘው በዚያ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ። ውሃ የነካውን ገላ ወዲያው በፎጣ አድርቁ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ መድኃኒት አለው። ማደር ካለባችሁ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ።

6. ማጥመድ

ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ሰዎች ስህተት አንድ ነው። ክሩን የትም ይጥሉታል። አሳዎቹ ግን አንድ ቦታ አይውሉም።

ቢልጫ የሚፈሰው ውሃ ወደ ኩሬው በሚገባበት አፍ ላይ ይቆማል። ምግብ የሚመጣለት በዚያ ነው። ቀረሶ ካለ ጸጥ ባለውና ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። አምባዛ ከሥር ጭቃ ላይ፣ ከድንጋይና ከወደቀ ግንድ ሥር ይተኛል። በማታና በንጋት ይንቀሳቀሳል።

1. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ላይ ሁኑ። እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከዚያ ነፋሱ ይነሳል፣ ሙቀቱም ይከብዳል።

2. ጥልቀቱን ለኩ። በየሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ አውርዱ። ስንት ቋጠሮ እንደገባ ቁጠሩ።

3. ለቢልጫና ለቀረሶ የምድር ትል ወይም በእጅ የታሸ ጠንካራ ሊጥ ተጠቀሙ። ሊጡ ቀጭን ከሆነ ውሃው ያጥበዋል፤ ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ዱቄት ጨምሩበት። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ስጡት። የሚሸት ነገር ይወዳል።

4. ለቢልጫ ማባበያው ከሥር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ። ቡሹን በለካችሁት ጥልቀት አስተካክሉ። ለአምባዛ ቡሽ አያስፈልግም፤ እርሳሱ ወለሉ ላይ ይረፍ።

5. ዝም በሉ። ጀልባው ወለል ላይ የሚወድቅ መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ እንደ ከበሮ ነው።

6. ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ። አሳው እየቀመሰ ነው። ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ እጃችሁን አጠር አድርጋችሁ ጎተት አድርጉ።

7. ክሩን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ትልቅ አምባዛ ሲጎትት ሥጋ ይቆርጣል። ቁራጭ እንጨት ላይ ጠምጥሙት።

ለ30 ደቂቃ ምንም ካልነካ፦ ማባበያ ከመቀየራችሁ በፊት ቦታ ቀይሩ። መልሕቁን አንሱና አምስት ሜትር ብቻ ተጠጉ።

መንጠቆው ድንጋይ ከያዘው፦ ቆማችሁ አትጎትቱ፤ ጀልባ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ጀልባውን በተቃራኒው ወገን አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ ቁረጡት።

መንጠቆ ጣት ከወጋ፦ ጥርሱ (ወደ ኋላ የዞረው ሹል) ካልገባ አውጡት፣ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ጥርሱ ሥጋ ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ አትጎትቱት። ክሩን ቁረጡ፣ መንጠቆውን በጨርቅ አስራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ።

አምባዛን ስትይዙ ከጎኑ ያሉት ሁለት ክንፎች እሾህ አላቸው። ሲናደድ ይገትራቸዋል። ከኋላቸው፣ ከአንገቱ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ያዙት።

የምትበሉትን ያህል ብቻ ያዙ። ትንንሾቹን እጃችሁን አርጥባችሁ መንጠቆውን አውጡና መልሷቸው።

7. የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

የጓደኞቼ አሳ የሚሸተው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ወለል ላይ እየተንፈራገጠ በፀሐይ የሚሞት አሳ ሥጋው ይላላል። ደሙ ውስጡ ይቀራል። ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይበሰብስና ወደ ሥጋው ያልፋል።

1. እንደያዛችሁት በዱላው ከዓይኖቹ በላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። አምባዛ ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ስለሚቆይ ሞቷል ብላችሁ አትተዉት።

2. ስንጥቡን በቢላዋ ቁረጡና ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ደሙን አፍስሱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

3. እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ በፍጹም።

4. በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ዳር ውጡና ሆዱን ክፈቱ። ከቂጡ ጀምራችሁ ወደ አንገቱ፣ የቢላዋው ጫፍ ብቻ ገብቶ ቅደዱት። ጠልቆ ከገባ ሐሞቱን ይቀደዋል።

5. አንጀቱንና ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ አውጡ። አከርካሪው ላይ የተጣበቀውን ጥቁር ደም በጥፍር ፋቁ። ብዙ ሰው ይህንን ይተወዋል፤ ያ ሽታ የሚመጣው ከሱ ነው።

6. የመጨረሻውን እጥበት ከቤት ባመጣችሁት ውሃ አድርጉ። ጨው ነስንሱበት፤ በረዶ በሆኑት ሃይላንዶች መካከል ደርድሩት። ከሥር የሚያቁረውን ውሃ አፍስሱት።

ሐሞት ከፈሰሰ፦ ቢጫ የሆነውን ሥጋ ወዲያው ቁረጡና ጣሉ። ማጠብ አያድነውም።

የቢልጫን እንቁላል እኔ አልበላም፣ እናንተም ጣሉት። ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትናንሽ ትሎች ካያችሁ ያን አሳ ተዉት። አሳ ጥሬውን አትብሉ።

ከ8 ሰዓት በፊት ከወንዙ ውጡ። ዳገቱ ከሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ለመኪናም ለሰውም ይከብዳል። አንጀቱን ቅበሩ፣ የተቆረጠ ክር ሰብስቡ። የክር ቁራጭ ወፍንም ከብትንም ያንቃል።

8. ቤት ውስጥ ማዘጋጀት

ቅርፊት ያላቸውንና የሌላቸውን ለዩ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ የኦርቶዶክስ አማኝ አይበላውም። በአንድ መጥበሻ ሠርታችሁ ሳትነግሩ እንግዳ ፊት አታቅርቡ። ዘይቱንም ለዩ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ደግሞ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ቢልጫ፦ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ጭንቅላት በቢላዋ ጀርባ ፋቁ። ዋናው ሥራ አጥንቱ ነው። ሥጋው ውስጥ የተበተኑ፣ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። በእጅ አይለቀሙም። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከጀርባው ወደ ሆዱ፣ አከርካሪው እስኪነካ ድረስ በየ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትሩ ሸንትሩት። ቢላዋው ጠጥ ጠጥ እያለ አጥንቶቹን ሲቆርጥ ትሰማላችሁ። ዘይቱ በዚያ ገብቶ አጥንቱን ያደርቀዋል፤ አብሮ ይበላል። በሰፊው ከሸነተራችሁት አጥንቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

አምባዛ፦ የሚያዳልጠውን ልፋጭ በአመድ ወይም በጨው እሹትና እጠቡት። ከጅራቱ በኩል ያለውን ጥቁር ቀይ ሥጋ አንሱለት፣ የጭቃ ጣዕም እዚያ ነው። ከዚያ ሎሚና ጨው አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በላይ ሎሚ ውስጥ አታቆዩት፤ ሥጋው ይፈራርሳል።

9. መጥበስ

1. አሳውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። እርጥብ አሳ ዘይት ያፈነዳል፣ መጥበሻም ይይዛል።

2. ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ሽንትሮቹ ውስጥ ሁሉ እሹበት። ፉርኖ ዱቄት በስሱ ነስንሱና አራግፉ።

3. አሳውን እስከ ግማሹ የሚሸፍን ዘይት አሙቁ። ቁንጥር ዱቄት ጣሉበት፤ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። ከጨሰ አልፏል፣ አውርዱት።

4. ጅራቱን ይዛችሁ ከእናንተ ራቅ ወዳለው ጎን አጋድሙት። ከ5 እስከ 6 ደቂቃ አትንኩት።

5. ሥሩ ሲጠነክር ራሱ ይለቃል። ያኔ አንዴ ብቻ ገልብጡት።

ከያዘ፦ አትፈልቅቁ። አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ፦ እሳቱ በዝቷል። አውጡት፣ እሳቱን ቀንሱ፣ መልሳችሁ አስገቡት። አከርካሪው ጋ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ሲለቅ በስሏል።

ከአዋዜና ከትኩስ እንጀራ ጋር ወዲያው ይበላ። ቢልጫ ሲቀዘቅዝ አጥንቱ መልሶ ይጠነክራል።

10. ወጥ ካሰኛችሁ

ለወጥ ቢልጫን አትጠቀሙ፣ አጥንቱ መረቁ ውስጥ ይበተናል። አምባዛ ወይም ቀረሶ ይሁን፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ፦

1. አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ያለ ዘይት አቁላሉ። ሲጠወልግ ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምሩ።

2. ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ አድርጉና ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ እየሰጣችሁ 20 ደቂቃ አብስሉት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ በርበሬው ጊዜ ይፈልጋል፤ ቆላ ላይ ከምታደርጉት አስረዝሙት። ጥሬ በርበሬ የሸተተ ወጥ ጥፋቱ የአሳው አይደለም።

3. ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ ቲማቲም ጨምሩ። መረቁ ወፈር ሲል ጨው ቅመሱ።

4. አሳውን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አይነካውም። ድስቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ አወዛውዙ። ለዘብ ባለ እሳት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

5. መከለሻ ነስንሳችሁ አውርዱ። ከድናችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት።

አሳው ከተፈረካከሰ፦ አጥንቱን ለቅማችሁ አውጡ፣ ቃሪያ ክተፉበት፣ መረቁ እስኪመጥ አቆዩት። ለእንጀራ ፍርፍር ይሆናል።

የተረፈውን ሌሊቱን ውጭ አታሳድሩ። ደብረ ብርሃን ቢበርድም ቤት ውስጥ ያለ ድስት ለብ እንዳለ ያመሻል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ለጎረቤት ላኩት።